የሩቅ ኮከብ ከምን እንደተሠራ እንዴት ይታወቃል? ከካርቶን ሳጥን እስከ ታላላቅ ቴሌስኮፖች፣ ደረጃ በደረጃ

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ ከዋክብት ቁርጥ ያለ ነገር ጻፈ። ርቀታቸውን፣ መጠናቸውንና እንቅስቃሴያቸውን አንድ ቀን እንደርስበት ይሆናል፤ ከምን እንደተሠሩ ግን በምንም ዘዴ ልናውቅ አንችልም አለ። በዘመኑ ለነበረ ሰው ይህ ምክንያታዊ ግምት ነበር። አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ከነገሩ ቆርሶ ማቃጠል፣ በአሲድ ማሟሟት፣ መመዘን ያስፈልግ ነበርና። ኮከብ ደግሞ አይቆረስም። በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲርየስ እንኳ ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ 8.6 ዓመት ይፈጅበታል።

ኮምት በ1857 ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጀርመኗ ሃይደልበርግ ከተማ ጉስታፍ ኪርሾፍ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ከኬሚስት ጓደኛው ከሮበርት ቡንሰን ጋር ሲሠራ ፀሐይ ውስጥ ሶዲየም እንዳለ አሳየ። ከቤተ ሙከራው አልወጣም፤ ከፀሐይም ቅንጣት አልወሰደም። ብርሃኗን ብቻ አነበበ።

ይህ መመሪያ ያንን ንባብ ከፊደል ቆጠራው ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በገዛ እጃችሁ ልትሠሯቸው ትችላላችሁ፤ እንድትሠሯቸውም አጥብቄ እመክራለሁ። ጥቁሮቹን መስመሮች አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ቀሪውን ታሪክ በእምነት ሳይሆን በማስረጃ ነው የሚቀበለው።

ደረጃ 1፦ ብርሃን የሚበትን ሳጥን ሥሩ

ነጭ ብርሃን የቀለሞች ድብልቅ ነው። አይዛክ ኒውተን በፕሪዝም በትኖ አሳይቶታል፤ የዝናብ ጠብታም ቀስተ ደመና ሲሠራ ያንኑ ያደርጋል። ብርሃንን እንዲህ የሚበትነው መሣሪያ ስፔክትሮስኮፕ ሲባል፣ ከቀይ እስከ ሐምራዊ የሚዘረጋው የቀለም መቀነት ስፔክትረም ይባላል።

የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን፣ የማትፈልጉት ሲዲ፣ ሁለት ምላጭ፣ ፕላስተርና ጥቁር ወረቀት አዘጋጁ። ሲዲ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በላዩ ላይ ያሉት ዓይን የማይለያቸው መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት የተደረደሩ ናቸው፤ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 625 መስመር ማለት ነው። እንዲህ የተቀራረቡ መስመሮች ላይ ያረፈ ብርሃን እያንዳንዱ ቀለሙ በየራሱ አቅጣጫ ይመለሳል።

ከሳጥኑ ጠባብ ጎኖች በአንዱ ላይ አግድም መስኮት ቁረጡ። ምላጮቹን ስለት ለስለት አፋጥጣችሁ በመስኮቱ ላይ ለጥፉ፤ በመካከላቸው የሁለት ወረቀት ውፍረት የሚያህል ስንጥቅ ብቻ ይቅር። ሲዲውን በተቃራኒው ጫፍ አቁሙት። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ስንጥቁ ይዙር፤ ከሳጥኑ ወለል ጋር 60 ዲግሪ ያህል እንዲሆን አናቱ ወደ ኋላ ያዘንብል። ከስንጥቁ የሚገባው ብርሃን በሲዲው መሀል ቀዳዳ ሳይሆን ከቀዳዳው በላይ ወይም በታች ባለው አብረቅራቂ ክፍል ላይ እንዲያርፍ ከፍታውን አስተካክሉ። ከዚያ ከሲዲው በላይ በክዳኑ ላይ የዓይን ቀዳዳ ክፈቱና ወደ ታች ተመልከቱ። የሳጥኑን ውስጥ በጥቁር ወረቀት አልብሱ፤ ብርሃን የሚያስገባ ሽንቁር ሁሉ በፕላስተር ይዘጋ።

በስንጥቁ ላይ አትቸኩሉ። እኔ በመጀመሪያ ሳጥኔ ላይ ምላጭ አልተጠቀምኩም፤ ካርቶኑን ራሱን ሰንጥቄ ስመለከት ያየሁት ደስ የሚል ቀስተ ደመና ብቻ ነበር። ስንጥቁ ሲሰፋ እያንዳንዱ ቀለም በጎረቤቱ ላይ ይደረብና መስመሮቹን ይሸፍናቸዋል። ምላጮቹን አስገብቼ ባጠበብኩት ዕለት ግን መስመሮቹ ከቀለሙ መሀል ብቅ አሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሳጥኑን በቀጥታ ወደ ፀሐይ አዙራችሁ በፍጹም እንዳትመለከቱ። ዓይን ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ ሦስት ብርሃኖችን አነጻጽሩ

በመጀመሪያ ክር ያለውን የቆየ ዓይነት አምፖል ተመልከቱ። ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያልተቋረጠ የቀለም መቀነት ታያላችሁ። የጋለ ጠጣር ነገር ወይም ታምቆ የጋለ ጋዝ የሚሰጠው ብርሃን እንዲህ ነው፤ ክፍተት የለበትም።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና የጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ፊት ሳጥኑን በአስተማማኝ ርቀት አስቀምጡ። የሽቦ ጫፍ በጨው ውኃ ነክራችሁ ወደ ነበልባሉ ጠጋ አድርጉት። ነበልባሉ ወዲያው ብጫ ይሆናል። በሳጥኑ ውስጥ ግን ብጫ መቀነት አይታይም፤ ከጨለማው መሀል አንዲት የብርሃን ክር ብድግ ትላለች። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። በተሻለ መሣሪያ ሲታይ ይህች ክር ጥንድ ናት፤ የአንደኛዋ የሞገድ ርዝመት (ቀለሟን የሚወስነው ልኬት) 589.0፣ የሁለተኛዋ 589.6 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ነው። ጨው ከየትም ይምጣ፣ ማንም ይያዘው፣ ሶዲየም ከነዚህ ቦታዎች ፈቀቅ አይልም።

ሦስተኛው የቀን ሰማይ ነው። ፀሐይን ራሷን ሳይሆን ከእሷ ራቅ ያለ ደማቅ ሰማይ ወይም ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ላይ አነጣጥሩ። መቀነቱ ያልተቋረጠ ይመስላል። ዓይናችሁ እስኪለምድ ታገሡ። በአረንጓዴው ውስጥ፣ በሰማያዊው መጀመሪያ ላይ፣ በብጫው መሀል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉ። በብጫው ውስጥ ያለው ጥቁር መስመር የቆመው ጨዉ ደማቋን ክር የሠራበት ቦታ ላይ ነው።

እነዚህን ጥቁር መስመሮች በ1802 ያየው እንግሊዛዊው ዊልያም ዎላስተን የቀለሞች ድንበር መስለውት አለፋቸው። በ1814 ጀርመናዊው የመነጽር መስታወት ባለሙያ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ከ570 በላይ ቆጥሮ ካርታ ሠራላቸው፤ ለጎላ ጎላዎቹም ፊደል ሰጣቸው። ምን እንደሆኑ ግን ሳያውቅ በ1826 ሞተ። የብጫውን ጥንድ ዲ ብሎት ነበር፤ እስከ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል።

ኪርሾፍ ያደረገው ሙከራ ቀላል ነው። የፀሐይን ብርሃን በጨው ነበልባል ውስጥ አሳልፎ ወደ ስፔክትሮስኮፑ አስገባ። የነበልባሉ ደማቅ ክር ጥቁሩን መስመር ይሞላዋል ብሎ ጠብቆ ነበር። ብርቱ የፀሐይ ብርሃን ሲገባ ግን መስመሩ ይባስ ጠቆረ። በነበልባሉ ውስጥ ያለው ሶዲየም ራሱ የሚሰጠውን ቀለም ከሚያልፈው ብርሃን ላይ እየዋጠ ነበር።

ሕጉ ይኸው ነው። የጋለ ጋዝ በጨለማ ፊት ሲታይ የራሱን ደማቅ መስመሮች ይሰጣል። ያው ጋዝ ከእሱ የበለጠ ከጋለ ነገር ፊት ሲቆም እነዚያኑ መስመሮች ይውጣል። ፀሐይ ከታች የታመቀ የጋለ ጋዝ፣ ከላይ ደግሞ በረድ ያለ ስስ ሽፋን አላት፤ ጥቁር መስመሮቹ የዚያ ሽፋን አሻራ ናቸው።

ደረጃ 3፦ መስመሩ ለምን ከቦታው እንደማይነቃነቅ ተረዱ

አቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን እንደ ልቡ አይቆምም። መሰላል ላይ እንዳለ ሰው ነው፤ በአንዱ እርከን ወይም በሌላው ይቆማል እንጂ በሁለት እርከኖች መካከል መንሳፈፍ አይችልም። ወደ ላይ ለመውጣት የእርከኖቹን ልዩነት በትክክል የሚሞላ ኃይል ያለው ብርሃን መዋጥ አለበት፤ ሲወርድ ያንኑ ያህል ይለቃል። የብርሃን ኃይል ደግሞ ቀለሙ ማለት ነው። ስለዚህ የእርከኖቹ ርቀት የመስመሮቹን ቦታ ይወስናል። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር መሰላል የተለየ ነው፤ የሶዲየምን የሚመስል ሌላ የለም።

ቀላሉ መሰላል የሃይድሮጅን ነው። ዓይን በሚያየው ክልል ውስጥ መስመሮቹ 656.3፣ 486.1፣ 434.0 እና 410.2 ናኖሜትር ላይ ናቸው፤ ወደ ሐምራዊው በሄዱ ቁጥር እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ስዊዘርላንዳዊው መምህር ዮሐን ባልመር በ1885 እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ቀመር አሰራቸው፤ ኒልስ ቦር ደግሞ በ1913 ምክንያቱን ከአቶሙ አሠራር አወጣ። እነዚህን አራት ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ፤ ቶሎ እንጠቀምባቸዋለን።

ደረጃ 4፦ ከፀሐይ ወደ ኮከብ ተሻገሩ

ለኮከብ ሲዲና ሳጥን አይበቃም፤ ብርሃኑ ደካማ ነው። ስስ መስመር የተሰመረበት ብርሃን አሳላፊ መስታወት ወይም ፕላስቲክ፣ ግሬቲንግ የሚባለውን፣ በካሜራ ሌንስ ፊት አድርጉ። በአንድ ሚሊሜትር ከ100 እስከ 300 መስመር ያለው ይበቃል። ካሜራውን በማቆሚያ ላይ አጥብቁ። እዚህ ስንጥቅ አያስፈልግም፤ ኮከብ ከሩቅ ነጥብ ስለሆነ ራሱ እንደ ስንጥቅ ያገለግላል። ችግሩ የነጥብ ስፔክትረም እንደ ክር ቀጭን መሆኑና መስመሮቹ አለመታየታቸው ነው። መፍትሔው ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ለ10 ወይም ለ20 ሰከንድ ከፍቶ መተው ነው። ምድር ስትዞር ኮከቡ በምስሉ ላይ ይንሸራተታል፤ ግሬቲንጉን መቀነቱ ከመንሸራተቻው አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ እንዲሆን ካዞራችሁት ክሩ ወደ ጎን ይሰፋል፤ መስመሮቹም ይወጣሉ።

በቬጋ ወይም በሲርየስ ጀምሩ። ሁለቱም ነጫጭ ኮከቦች ናቸው፤ የሃይድሮጅን መስመሮቻቸው ወፋፍራም ስለሆኑ ጀማሪም አይስታቸውም። ቀጥሎ ቀዩን ቤቴልጁስን አንሡ። በነጠላ መስመሮች ፈንታ ሰፋፊ የጠቆሩ ማሰሪያዎች ታገኛላችሁ፤ ቲታኒየም ኦክሳይድ የተባለ ሞለኪውል የሠራቸው ናቸው። ሞለኪውል በጋለ ኮከብ ላይ ይፈርሳል፤ ቀዝቀዝ ባለው በቤቴልጁስ ላይ ግን መቆየት ይችላል።

ባለሙያዎቹ ይህንኑ በታላቅ መሣሪያ ያደርጉታል። በቺሊ ላ ሲላ ተራራ ላይ ባለው ባለ 3.6 ሜትር ቴሌስኮፕ የተገጠመው ሃርፕስ የሚባል ስፔክትሮግራፍ በ589 ናኖሜትር አካባቢ የ0.005 ናኖሜትር ልዩነት ይለያል። አፖጂ የተባለው ቅኝት ደግሞ በአንድ ጊዜ እስከ 300 የሚደርሱ ኮከቦችን ብርሃን በየራሳቸው ቀጭን የመስታወት ክር ተቀብሎ ያነብብ ነበር።

ደረጃ 5፦ ፒክሰልን ወደ ናኖሜትር ቀይሩ

ፎቶው የሚነግራችሁ ቦታን ነው፤ የሞገድ ርዝመትን አይደለም። ሁለት የምታውቋቸውን መስመሮች አግኙና መስፈሪያ ሥሩ። ለምሳሌ በፎቷችሁ ላይ የሃይድሮጅኑ 486.1 በ820ኛው ፒክሰል፣ 656.3 ደግሞ በ1671ኛው ላይ ወደቀ እንበል። በመካከላቸው 851 ፒክሰል አለ፤ የሞገድ ርዝመቱ ልዩነት 170.2 ናኖሜትር ነው። አንድ ፒክሰል 0.2 ናኖሜትር ሆነ ማለት ነው። አሁን በ1336ኛው ፒክሰል ላይ ያልታወቀ ጥቁር መስመር ካያችሁ ከ820 እስከዚያ 516 ፒክሰል ነው፤ በ0.2 ሲባዛ 103.2፤ በ486.1 ላይ ሲደመር 589.3። የሶዲየም ጥንድ ነው፤ ሁለቱ ስለተደባለቁ መካከላቸውን አነበባችሁ።

በምርምር ጣቢያዎች መስፈሪያው የሚሠራው ከኮከቡ ብርሃን ጎን ለጎን የቶሪየምና የአርጎን መብራት በማብራት ነው፤ መስመሮቹ ብዙና በትክክል የተለኩ ስለሆኑ።

ደረጃ 6፦ አሻራውን አዛምዱ

በአንድ መስመር ብቻ አትፍረዱ። ብረት ብቻውን በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት፤ አንዱ በአጋጣሚ ከሌላ ንጥረ ነገር መስመር አጠገብ ቢወድቅ አይደንቅም። ኪርሾፍ በፀሐይ ውስጥ ብረት አለ ያለው 60 ያህል የብረት መስመሮች ሁሉም ከጥቁር መስመሮች ጋር ሲገጥሙ አይቶ ነው። ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉን አስልቶም ነበር፤ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን አንድ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ትክክለኛ መታወቂያ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ መስመሮቹ በሙሉ ተሰልፈው ሲገጥሙ፣ መኖር ያለበትም ሳይጎድል።

በ1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሃጊንስ ከኬሚስቱ ከዊልያም ሚለር ጋር በዚሁ ዘዴ አልዴባራንና ቤቴልጁስ ውስጥ ሶዲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ብረት አገኘ። ኮምት የማይሆን ያለው ነገር 30 ዓመት ሳይሞላው ሆነ።

ስትመረምሩ ሁለት ወጥመዶች ይጠብቋችኋል። የመጀመሪያው የራሳችን አየር ነው። ፍራውንሆፈር ኤ እና ቢ ያላቸው በቀዩ ውስጥ ያሉ ጉልህ መስመሮች የፀሐይ አይደሉም፤ ብርሃኑ ከባቢ አየራችንን ሲያቋርጥ ኦክስጅን የዋጣቸው ናቸው። መለያው ቀላል ነው፤ ኮከቡ ወደ አድማስ ሲወርድና ብርሃኑ ብዙ አየር ሲያቋርጥ የአየሩ መስመሮች ይበረታሉ፤ የኮከቡ ግን ባሉበት ይቆያሉ።

ሁለተኛው የኮከቡ ጉዞ ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ከመጣ መስመሮቹ ሁሉ ወደ ሰማያዊው፣ ከሸሸ ወደ ቀዩ ይገፋሉ። በሰከንድ 30 ኪሎሜትር የሚሸሽ ኮከብ እያንዳንዱን መስመር በ10,000ኛ እጅ ያህል ይገፋዋል፤ 656.3 የነበረው 656.37 ገደማ ይሆናል። የሚያድነን መስመሮቹ ሁሉ በአንድ መጠን መገፋታቸው ነው፤ ሰልፉ ሳይፈርስ አብሮ ይሄዳል። ልዩነቱን መጀመሪያ አርሙና ከዚያ አዛምዱ።

ከምንም ጋር የማይገጥም መስመር ሲገኝስ? እዚህ ላይ ሁለት ታሪኮችን አብሮ ማስታወስ ይጠቅማል። ነሐሴ 1868 በደረሰው የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በፀሐይ ዳር ላይ 587.6 ናኖሜትር ገደማ ያለ ብጫ ደማቅ መስመር ታየ። ለሶዲየም ቅርብ ነው፤ ግን ሶዲየም አይደለም። ኖርማን ሎክየር በምድር የማይታወቅ ንጥረ ነገር ነው አለ፤ ከግሪክኛው የፀሐይ ስምም ሂሊየም ተባለ። ዊልያም ራምሴ ዩራኒየም ካለበት ማዕድን ያንኑ ጋዝ ያወጣው ከ27 ዓመት በኋላ በ1895 ነበር። በሌላ በኩል ሃጊንስ በ1864 በአንድ ኔቡላ (በሰማይ ላይ ያለ የጋዝ ደመና) ውስጥ ያየው አረንጓዴ መስመር፣ 500.7 ናኖሜትር፣ እሱም ከምንም አልገጠመም፤ ኔቡልየም የሚል ስም ተሰጠው። አዲስ ንጥረ ነገር ግን አልነበረም። አሜሪካዊው አይራ ቦወን በ1927 ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን መሆኑን አሳየ፤ በምድር ቤተ ሙከራ ልንፈጥረው በማንችለው እጅግ በሳሳ ጋዝ ውስጥ ብቻ ያንን መስመር ይሰጣል። መንገዱ ለሁለቱም አንድ ነበር፤ አንዱ አዲስ ንጥረ ነገር፣ ሌላው የምናውቀው ንጥረ ነገር በማናውቀው ሁኔታ ሆኖ ተገኘ።

ደረጃ 7፦ ከመጠን በፊት ሙቀትን ለኩ

ብዙ ጽሑፎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። እኔ ግን የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው እላለሁ። ጠንካራ መስመር ማለት ብዙ ንጥረ ነገር ማለት አይደለም።

በፀሐይ ስፔክትረም ውስጥ ዓይን ከሚያያቸው ሁሉ ጥልቆቹ በሐምራዊው ጫፍ ያሉት 396.8 እና 393.4 ናኖሜትር ናቸው። የካልሲየም ናቸው። የመስመር ጥንካሬን ብቻ ያየ ሰው ፀሐይ በካልሲየም የተሞላች ናት ሊል ይችላል። እውነቱ ግን በፀሐይ ሽፋን ውስጥ ለአንድ የካልሲየም አቶም ከ400,000 በላይ የሃይድሮጅን አቶሞች አሉ። ታዲያ የሃይድሮጅን መስመር ለምን ቀጠነ?

ወደ መሰላሉ እንመለስ። እነዚያ አራት የሃይድሮጅን መስመሮች የሚፈጠሩት ኤሌክትሮኑ አስቀድሞ ሁለተኛው እርከን ላይ ቆሞ ሲገኝ ብቻ ነው። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,772 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ነው፤ በዚያ ሙቀት ሁለተኛው እርከን ላይ የሚገኘው ከ200 ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶሞች አንድ ያህል ብቻ ነው። ቀሪዎቹ አሉ፤ ግን አይታዩም። ካልሲየም በበኩሉ በዚያው ሙቀት አብዛኛው አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ የሚገኝ ሲሆን መስመሮቹን የሚሠራው ከመጀመሪያው እርከን ተነሥቶ ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ተቀምጦ እጁን ያነሣው ብቻ ሲቆጠር፣ ሁሉም እጁን ያነሣ አነስተኛ ቡድን አንድ ሰው ብቻ እጁን ካነሣበት ግዙፍ ቡድን በልጦ ይታያል።

በሃርቫርድ የኮከብ ምርምር ጣቢያ አኒ ጃምፕ ካነን ከዋክብትን በመስመሮቻቸው መልክ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም ብላ ደርድራ ነበር፤ ከ1918 እስከ 1924 የታተመው መዝገብ 225,300 ከዋክብትን ይዟል። የዓይኗን ፍጥነትና ትክክለኛነት ሳስብ ይገርመኛል። ግን ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ከዋክብቱ የተሠሩበት ነገር ይለያያል ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? ሕንዳዊው ሜግናድ ሳሃ በ1920 በአንድ ሙቀትና ግፊት ስንቱ አቶም ኤሌክትሮኑን እንደሚያጣ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። ከእንግሊዝ ወደ ሃርቫርድ የመጣችው ወጣቷ ሴሲሊያ ፔይን ቀመሩን በዚያ የስፔክትረም ክምችት ላይ ተገበረችው። በ1925 ባቀረበችው የዶክትሬት ሥራዋ ከኦ እስከ ኤም ያለው ልዩነት በዋናነት የሙቀት ልዩነት መሆኑን አሳየች። አብዛኞቹ ንጥረ ነገሮች በከዋክብት ውስጥ ያላቸው ድርሻ በምድር ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል፤ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ግን ከሁሉም እጅግ ይበልጣሉ።

በዘመኑ ፀሐይ እንደ ምድር ያለች፣ በብረትና በመሰሎቹ የበለጸገች ናት ተብሎ ይታመን ነበር። ታዋቂው የኮከብ ተመራማሪ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱን የማይሆን ብሎ ተቃወመ፤ ፔይንም በሥራዋ ውስጥ ቁጥሩ እውነተኛ አለመሆኑ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል ብላ ለመጻፍ ተገደደች። ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰና በ1929 ትክክለኛነቷን አመነ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ መስመሮቹን በትክክል ያነበበችው እሷ ነበረችና።

በተግባር ሙቀቱ የሚለካው በብዙ መንገድ ነው። የኮከቡ ቀለም የመጀመሪያውን ግምት ይሰጣል፤ ብርሃኑ በየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደሚበረታ እዩና 2,898,000ን በዚያ ናኖሜትር አካፍሉት፣ ኬልቪን ታገኛላችሁ። ከዚያ የአንድ ንጥረ ነገር ልዩ ልዩ መስመሮች አንድ መልስ እስኪሰጡ ድረስ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከብረት ዝቅተኛ እርከን የሚነሣ መስመርና ከከፍተኛው እርከን የሚነሣ መስመር ሁለቱም ስለ ብረት መጠን እኩል ሲናገሩ ሙቀቱ ተገኝቷል።

ደረጃ 8፦ መጠኑን አስሉ

አሁን የእያንዳንዱ መስመር ስፋትና ጥልቀት ይለካል፤ መስመሩ ከመቀነቱ ላይ በአጠቃላይ ስንት ብርሃን እንደነጠቀ ማለት ነው። ስስ መስመር ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አቶሙ እጥፍ ሲሆን መስመሩም እጥፍ ይሆናል። መስመሩ ሲጠልቅ ግን ይጠግባል። በመሀሉ የሚዋጥ ብርሃን ካለቀ በኋላ አቶም ቢጨመርም መስመሩ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው ተመራማሪ ጠንካራውንና ታዋቂውን መስመር ትቶ ደካማዎቹን ይፈልጋል። ለጀማሪ እንግዳ ይመስላል፤ ግን ታማኙ ምስክር ደካማው መስመር ነው።

ከዚያ በኮምፒዩተር ላይ የኮከቡ ሽፋን ሞዴል ይሠራል። ሙቀት፣ የስበት ኃይልና የንጥረ ነገሮቹ መጠን ይሰጠዋል፤ ከዚህ ዓይነት ኮከብ ምን ዓይነት ስፔክትረም ይወጣል? የተሰላውና የታየው ካልተገጣጠሙ መጠኖቹ ይለወጡና እንደገና ይሰላል፤ መስመር በመስመር እስኪገጥም ድረስ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከሃይድሮጅን ጋር ተነጻጽሮ ነው። በፀሐይ ላይ ለአንድ የብረት አቶም 30,000 ያህል የሃይድሮጅን አቶሞች አሉ፤ የሌላ ኮከብ የብረት ድርሻ ከዚህ ጋር እየተመዘነ በብረት ደኸየ ወይም በለጸገ ይባላል። በፀሐይ ሽፋን ከክብደቱ 74 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን፣ 25 በመቶ ገደማ ሂሊየም ነው፤ ለቀረው ሁሉ ከ2 በመቶ ያነሰ ይተርፋል። ከዚያ ትንሽ ድርሻ ውስጥ ኦክስጅን ይመራል።

ደረጃ 9፦ መልሱን በሌላ ምስክር ፈትሹ

ስፔክትረም የሚያሳየው የኮከቡን ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከብርሃን ውጭ ሌላ ምስክር ይጠራል። ከሰማይ የሚወርዱ የድንጋይ ስብርባሪዎች ውስጥ ጥቂቶቹ፣ ለምሳሌ በ1864 በፈረንሳይ ኦርጌይ አካባቢ የወደቀው፣ ፀሐይና ፕላኔቶች ሲፈጠሩ ከነበረው ነገር ብዙም ሳይለወጡ የቆዩ ናቸው። እነሱን ቆርሶ መመርመር ይቻላል። እንደ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ያሉት ጋዞች ቢያመልጡባቸውም የብረት፣ የማግኒዚየም፣ የሲሊከን፣ የካልሲየም ድርሻቸው ከፀሐይ ስፔክትረም ከተነበበው ጋር በቅርብ ይስማማል። ኮምት የሚያውቀው የኬሚስቶች መንገድና የብርሃን መንገድ እዚህ ተገናኙ።

የማይስማማም አለ። በፀሐይ ሽፋን ላይ ያለው ሊቲየም ከድንጋዮቹ ሲነጻጸር ከ100 እጥፍ በላይ ያንሳል። ይህ የንባብ ስሕተት አይደለም። ሊቲየም በ2.5 ሚሊዮን ኬልቪን አካባቢ ይጠፋል፤ የፀሐይ ጋዝ በዘመናት ውስጥ ወደ ጥልቁ እየተቀላቀለ ሊቲየሙን አቃጥሎታል። ልዩነቱ ራሱ ስለማናየው የፀሐይ ውስጥ ይነግረናል።

ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን ፖል ሜሪል በ1952 ያገኘው ነው። ኤስ በሚባለው ምድብ ውስጥ ባሉ ቀያይ ግዙፍ ከዋክብት ላይ የቴክኒሺየም መስመሮችን አነበበ። ቴክኒሺየም አይረጋም፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ዓይነቱ እንኳ በ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ግማሹ ይበሰብሳል። ከዋክብቱ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ አላቸው፤ ሲወለዱ ይዘውት መጥተው ቢሆን ኖሮ ድሮ ባለቀ ነበር። በሽፋናቸው ላይ የታየው ቴክኒሺየም በቅርቡ በራሳቸው ሆድ ውስጥ ተሠርቶ ወደ ላይ የወጣ ነው። ከዋክብት ንጥረ ነገር እንደሚሠሩ፣ ሥራውም ዛሬ እንዳልቆመ፣ ሜሪል ከጥቂት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አነበበ።